ለቤትዎ ዋጋ ሲቆርጡ፦ ለአዲስ አበባ ሻጮች የተዘጋጀ መመሪያ

በአዲስ አበባ ቤቱን ለመሸጥ የወሰነ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር በአካባቢው ያሉ ቤቶች በእርግጥ በስንት እንደተሸጡ የሚነግረው የታመነ ምንጭ ማጣቱ ነው። የሽያጭ ውሎች በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ፊት የሚፈረሙ ቢሆንም ማንም ሰው ገብቶ የሰፈሩን ዋጋ የሚያነብበት ክፍት መዝገብ የለም። ወደ ጆሮ የሚደርሰው በማስታወቂያ የተጠራ ዋጋ፣ ደላላ የሚያወራው ወሬ፣ ወይም ጎረቤት ለክብሩ ሲል ከፍ አድርጎ፣ ግብር ፈርቶም ዝቅ አድርጎ የሚናገረው ቁጥር ነው። በዚህ ምክንያት ዋጋ መቁረጥ በአመዛኙ መረጃ የማጣራት ሥራ ነው፤ ስሌቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ መረጃው በትክክል ከተጣራ ስሌቱ አያስቸግርም።

አብዛኛው ሻጭ ይህን ማጣራት ዘሎ ካወጣው ወጪ ወይም ከሚያስፈልገው ገንዘብ ይነሣል። «ለማደስ ይህን ያህል አፍስሻለሁ፤ ልጄን ለማስተማር ይህን ያህል ያስፈልገኛል፤ ልገዛ ያሰብሁት ቤት ይህን ያህል ተጠርቷል» የሚሉት ስሌቶች ለሻጩ እውነት ናቸው፤ ገዢው ግን አንዳቸውንም አይከፍልም። ገዢ ቤትዎን የሚያነጻጽረው ያንኑ ገንዘብ ይዞ በዚያው ሳምንት ሊገዛቸው ከሚችላቸው ሌሎች ቤቶች ጋር ብቻ ነው።

የዶላር ስሌትም ብዙዎችን አሳስቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ፤ በርካታ የቤት ባለቤቶችም ዋጋቸውን በዚያው ልክ ለማሳደግ ሞከሩ። የገዢዎች ገቢ ግን በዚያው ፍጥነት አላደገም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ወስኖ ስለነበርና ገደቡ በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ ቢልም ብድር ማግኘት ቀላል ስላልሆነ፣ በብድር ለመግዛት ያሰበው ሰው በቀላሉ ወደ ገበያው ሊገባ አልቻለም። የምንዛሪው ለውጥ የግንባታ ዕቃን አስወድዶ አዲስ ቤት የመሥራትን ወጪ እንደሚያንር እርግጥ ነው፤ ይሁንና ዋጋን በዶላር አስቦ ወደ ብር መመለስ የሚያዋጣው ገዢውም ገቢው በዶላር ሲሆን ነው፤ እንዲህ ያለ ገዢ ደግሞ በሁሉም ሰፈር አይገኝም።

የሚሸጡት ምን እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት በመሆኑ፣ በውሉ ላይ የሚሸጠው ቤቱና ከይዞታው ጋር የተያያዘው የመጠቀም መብት ነው። በገበያው ግን፣ በተለይ በግቢ ቤቶች ላይ፣ ከዋጋው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ቦታው እንደሆነ ሻጭም ገዢም ያውቃሉ፤ ስለዚህ የይዞታው ዓይነት በዋጋው ላይ በቀጥታ ይንጸባረቃል። ይዞታው የሊዝ ከሆነ ገዢው የሚጨነቀው ለመኖሪያ ከተሰጠው 99 ዓመት ስንቱ እንደቀረ ሳይሆን፣ ያልተከፈለው የሊዝ ቀሪ ክፍያ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚሸፍነው ነው። ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓቱ በፊት የተያዘ ቦታ፣ ከሆነ ደግሞ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ የሚተላለፍ ነባር ይዞታ ወደ ሊዝ ሥርዓት እንደሚገባ ስለደነገገ፣ ገዢው ስም ሲያዛውር በላዩ የሚወድቅበትን ወጪ ከወዲሁ ያሰላል። እርስዎም ያንን ወጪ ከክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ካላወቁ፣ ገዢው «ይህ ሁሉ ወጪ አለብኝ» እያለ ሲያስቀንስዎ የሚመልሱለት አይኖርዎትም።

ዋጋ ከመጥራትዎ በፊት ካርታውን አውጥተው ከመሬቱ ጋር ያመሳክሩ። በካርታው ላይ 175 ካሬ ሜትር የተጻፈ ቦታ በአጥር ሲለካ 200 ቢሆን፣ ገበያው ዋጋ የሚሰጠው ለ175ቱ ነው፤ ትርፏን 25 ካሬ በሙሉ ዋጋ አስልቶ የጠራ ሻጭ፣ ገዢው ካርታውን ባየ ዕለት ከዋጋው ብቻ ሳይሆን ከታማኝነቱም ይቀነስበታል። የግንባታ ፈቃድ ሳይኖራቸው በግቢው ጀርባ የተሠሩ ሰርቪስ ቤቶችም እንደዚሁ ናቸው፤ የኪራይ ገቢ ስለሚያስገኙ አንዳች ዋጋ አላቸው፣ ነገር ግን ፈቃድ ካለው ክፍል ጋር በእኩል አይቆጠሩም። ኮንዶሚኒየም የሚሸጥ ሰው ደግሞ የባንክ ዕዳው መዘጋቱን፣ ካርታው በስሙ መውጣቱንና መንግሥት በዕጣ ላስተላለፋቸው ቤቶች የተቀመጠው የአምስት ዓመት የሽያጭ ክልከላ ማለፉን ማረጋገጥ አለበት።

ወረቀቱ ያላለቀ ቤት በቅናሽ ይሸጣል፤ የቅናሹ መጠን ደግሞ ወረቀቱን ለመጨረስ ከሚያስፈልገው ገንዘብ ሁልጊዜ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ገዢው የሚቀንሰው ወጪውን ብቻ ሳይሆን ስጋቱንም ጭምር ነው። ያልተጣራ ውርስ፣ በቤቱ ላይ ያለ ዕግድ፣ ወይም ለመሸጥ ያልተስማማ የትዳር አጋር ካለ፣ ዋጋ ከመጥራት በፊት እነዚህን መጨረስ ከማናቸውም ዕድሳት ይልቅ ገንዘብ ያስገኛል። በ1992 ዓ.ም በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት ሊሸጥ ስለማይችል፣ ከጥንዶቹ አንዱ ብቻ የጠራው ዋጋ ዋጋ ሊባል አይችልም። ባልና ሚስት፣ ወይም ወራሾች፣ ገዢ ከመምጣቱ በፊት በቁጥሩ ላይ ተስማምተው ቢገኙ መልካም ነው፤ በሳሎን ውስጥ በገዢ ፊት የሚደረግ የቤተሰብ ክርክር ዋጋ ሲያወርድ እንጂ ሲያወጣ አልታየም።

የተሸጠበትን ዋጋ ማጣራት

የሚፈልጉት መረጃ ቤቶች የተጠሩበትን ሳይሆን ገንዘብ ተቆጥሮ የተሸጡበትን ዋጋ ነው። ቢያንስ ሦስት፣ ቢቻል አምስት እንዲህ ያሉ ሽያጮችን ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ ከዚያው ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ከዚያው ሳይት ይሰብስቡ። «ሲኤምሲም ያው ነው፣ ሰሚትም ያው ነው» የሚል አነጋገር ለደላላ ወሬ ይበቃል፤ ለዋጋ ውሳኔ ግን አይበቃም፤ በአንድ ሰፈር ውስጥ እንኳ ከዋናው አስፋልት ሁለት መንገድ መግባት ዋጋ ይለውጣል።

መረጃውን የሚሰጡት ሰዎች የተለያየ ጥቅም ስላላቸው ከአንድ ወገን ብቻ አይውሰዱ። ለደላላው እንደ ሻጭ ቀርበው ዋጋ ቢጠይቁት፣ ቤቱን ለእርሱ እንዲሰጡት ሲል ከፍ አድርጎ ሊነግርዎ ይችላል፤ ዘመድዎ እንደ ገዢ ደውሎ ተመሳሳይ ቤት ቢጠይቀው ግን የሚጠራለት ዋጋና «እስከዚህ ይወርዳል» ብሎ የሚያክልለት ቁጥር ወደ እውነቱ የቀረበ ይሆናል። በቅርቡ ወደ ሰፈሩ የገቡ አዲስ ነዋሪዎች ከሁሉ የተሻሉ ምንጮች ናቸው፤ ቤቱን በስንት እንደገዙት መጠየቅ ነውር ቢመስልም፣ በዕድር ወይም በማኅበር የሚገናኙ ሰዎች በጨዋ አነጋገር ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ይናገራሉ። በባንክ ብድር ክፍል የሚሠራ የሚያውቁት ሰው ካለም በአካባቢው ባንኩ ስንት እየገመተ እንደሆነ ሊጠቁምዎ ይችላል። ከእነዚህ ምንጮች የሁለቱ ቃል ያልገጠመለትን ሽያጭ ከዝርዝርዎ ያውጡት፤ በሳይቱ ሁሉ የሚወራውን፣ አንድ ሰው በማይታመን ዋጋ ሸጠበት የሚባለውን ቤት ደግሞ ያለ ርኅራኄ ያውጡት።

በማስታወቂያ የሚታየው የተጠራ ዋጋ ፈጽሞ አይጠቅምም ማለት አይደለም። የሚጠቅመው ግን ተፎካካሪዎችዎን ለማወቅ ነው፤ ገዢው የእርስዎን ከማየቱ በፊት ወይም በኋላ የሚያያቸው ቤቶች እነርሱ ናቸውና። አንድ ቤት በተመሳሳይ ዋጋ ለወራት ሲተዋወቅ ከቆየ ከነቁጥሩ ማስታወሻ ይያዙ፤ ገበያው ያንን ዋጋ እንዳልተቀበለው ማስረጃ ነው። የሊዝ ጨረታ ውጤቶችም ሲወጡ በካሬ የቀረበው ከፍተኛ ቁጥር ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል፤ በጨረታ የቀረበ ዋጋ በዓመታት የሚከፈል መሆኑን፣ አሸናፊው ፈርሞ ላይቀርብ እንደሚችልና ቦታው የተመደበበት አገልግሎት ከእርስዎ ቤት የተለየ ሊሆን እንደሚችል የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ልዩነቶችን በብር መተመን

ሁለት ቤቶች ፈጽሞ አንድ ስለማይሆኑ፣ ያገኟቸውን ሽያጮች ከእርስዎ ቤት ጋር እያስተያዩ መደመርና መቀነስ ያስፈልጋል። በኮንዶሚኒየም ውስጥ በካሬ እኩል የሆኑ ባለ ሁለት መኝታ ቤቶች አስቀድሞ በወለል ይለያያሉ። ሊፍት በሌላቸው ብሎኮች የመጀመሪያውና የሁለተኛው ፎቅ ይፈለጋል፤ አራተኛው በደረጃው ምክንያት፣ እንዲሁም ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሳይቶች ግፊቱ ላይ ድረስ ስለማይደርስ ይቀንሳል፤ ምድር ቤቱ ደግሞ መንገድ ዳር ሆኖ ለሱቅ የሚመች ከሆነ ይጨምራል፣ ካልሆነ በአቧራና በጸጥታ ስጋት ይቀንሳል። ሮቶ የተተከለለት፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ መኪና ማቆሚያው የማያጣላ ብሎክ ልዩነት ያመጣል። ፊኒሺንግን በተመለከተ ሻጮች የሚሳሳቱት ያወጡትን ሙሉ ወጪ በመጨመር ነው፤ ገዢው በሴራሚክና በኪችን ካቢኔት ላይ የራሱ ምርጫ ስላለው ከወጪው ከፊሉን ብቻ ይከፍላል፣ ያልወደደው ከሆነም እንዲያውም የማፍረሻ ዋጋ ሊያስብበት ይችላል።

በግቢ ቤቶች ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ሰው ሁሉ «በካሬ ስንት ነው?» ቢልም በካሬ ማባዛት የሚሠራው ቦታዎቹ በስፋት ሲቀራረቡ ነው። 500 ካሬ ሜትር ቦታ ጠቅላላ ዋጋው ስለሚከብድና ገዢው ስለሚያንስ፣ ከ150 ካሬ ሜትር ቦታ ይልቅ በካሬ ዝቅ ብሎ ይሸጣል፤ ከትንሹ ቦታ የተገኘውን የካሬ ዋጋ ወስዶ በትልቁ ላይ ያባዛ ሻጭ ማንም የማይጠጋው ቁጥር ላይ ይደርሳል። ቦታው በመንገድ ፊት ያለው ስፋት፣ ኮርነር መሆኑ፣ መኪና የሚያስገባ መንገድ ያለው መሆኑ፣ ተዳፋትነቱና ቅርጹ ሁሉ ይታያሉ። ቤቱ ያረጀ የጭቃ ቤት ከሆነ ገዢው የሚገዛው ለማፍረስ ነውና ለቤቱ ዋጋ መጠየቅ አያዋጣም፤ እንዲህ ላለው ቤት ወሳኙ ጥያቄ በቦታው ላይ ስንት ፎቅ መሥራት ይፈቀዳል የሚለው ነው። ይህን የሚመልሰው ከክፍለ ከተማው የሚወሰደው የፕላን መረጃ ሲሆን፣ መንገድ የሚያስፋፋ ወይም ቦታውን የሚቆርጥ ዕቅድ መኖር አለመኖሩንም ያሳያል። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በከተማው ከተካሄደው የኮሪደር ልማት ወዲህ ዋና መንገድ ዳር መሆን እንደ ቀድሞው ያለ ማቅማማት ዋጋ የሚጨምር ነገር አይደለም፤ ገዢው «ይነካ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃልና። የፕላን መረጃውን በእጅ ይዞ መጠበቅ ይህን ጥያቄ ወደ ቅናሽ ከመለወጡ በፊት ይመልሰዋል።

ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ በግምታዊ ቁጥሮች እንመልከት፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የተቀመጡ ናቸው። የሚሸጡት በሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ የታደሰ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው እንበል። ያጣሩት የመጀመሪያው ሽያጭ በአንደኛ ፎቅ ላይ ያለ ተመሳሳይ ቤት ሲሆን ከአራት ወር በፊት በ5,600,000 ብር ሄዷል፤ ለወለሉ 200,000 ብር ሲቀንሱና ከዚያ ወዲህ ገበያው ለጨመረው 100,000 ሲያክሉ 5,500,000 ይሆናል። ሁለተኛው በአራተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ያልታደሰ ቤት ሆኖ ባለፈው ወር በ5,000,000 ተሽጧል፤ ለወለሉ 150,000፣ ለዕድሳቱ 250,000 ሲጨመር 5,400,000 ይመጣል። ሦስተኛው በሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ በዕድሳቱም የሚመሳሰል ሲሆን በ5,700,000 ተሽጧል የተባለው ግን በስድስት ወር ውስጥ በሦስት ጊዜ ክፍያ ነው፤ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ቢከፈል ኖሮ ሊቀንስ የሚችለውን 250,000 ብር ስናወጣለት 5,450,000 ይሆናል። እንግዲህ ገበያው ለቤትዎ የሚሰጠው ዋጋ በ5,400,000 እና በ5,500,000 መካከል ነው ማለት ነው። ሦስቱ ውጤቶች እጅግ ቢራራቁ ኖሮ፣ አንዱ መረጃ ሐሰት ነበር ወይም አንዱ ቤት ሊነጻጸር የማይገባው ነበር፤ ያን ጊዜ የሚሻለው አማካይ ማውጣት ሳይሆን ተመልሶ ማጣራት ነው።

የባንክ ግምትና የገዢው አቅም

የባንክ መሐንዲስ የሚያወጣው ግምት የገበያ ዋጋ አይደለም። ባንኩ ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን እንዲያስመልስ ተብሎ የሚሠራና በአብዛኛው ከግንባታ ወጪ፣ ከእርጅና ቅናሽና ከቦታ መለኪያ የሚነሣ ጥንቁቅ ግምት ነው። በ2017 ዓ.ም የጸደቀው የሪል ስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ አዋጅ ግመታን በሥርዓት ለማስያዝ የታሰበ ቢሆንም፣ ሻጩ ዛሬ በእጁ የሚያገኘው በአመዛኙ ይኸው የባንክ ግምት ነው። ግምቱ ዝቅ ብሎ ቢመጣ አይከፉ፤ ጥቅሙ ሌላ ነው። ባንኩ የሚያበድረው በግምቱ ልክ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ እርስዎ በጠሩት ዋጋና በባንኩ ግምት መካከል ያለውን ልዩነት ገዢው ከኪሱ በጥሬ ገንዘብ መሙላት አለበት። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ በብድር የሚገዛ ሰው ከገበያዎ ወጣ ማለት ነው፤ የቀረው ሙሉ ገንዘብ በእጁ ያለው ገዢ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም አቅሙን ስለሚያውቅ አጥብቆ ይከራከራል።

በእጅዎ የሚቀረውን ማስላት

ዋጋ ከመጥራትዎ በፊት ከሽያጩ ላይ የሚነሡትን ወጪዎች ይጻፉ። የደላላ ኮሚሽን በተለምዶ ከእያንዳንዱ ወገን 2 በመቶ አካባቢ ነው፤ በ5,450,000 ብር ላይ 109,000 ብር ይሆናል። የካፒታል ዕድገት ግብር ከሻጩ የሚጠየቅ ሲሆን ቤቱ መኖሪያ ሆኖ በመቆየቱ በግብሩ ላይ የሚኖረውን ልዩነትና በወቅቱ የሚሠራበትን ምጣኔ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ቤቱ የተገዛበት ወይም የተሠራበት ሰነድና የዕድሳት ደረሰኝ በእጅ ከሌለ ግብሩ የሚሰላበት ትርፍ ከእውነተኛው ሊበልጥ ይችላል። ለዓመታት ከዋጋው 2 በመቶ ሲሰላ የኖረው የቴምብር ቀረጥና የስም ማዛወሪያ ክፍያው በልማድ የገዢው ቢሆኑም፣ «ሁሉንም ወጪ ሻጩ ይችላል» ወይም «ገዢው ይችላል» የሚለው ቃል ራሱን የቻለ የዋጋ ድርድር ነው። አንድ ገዢ 100,000 ብር ጨምሮ ሲያቀርብና ወጪውን ሁሉ ወደ እርስዎ ሲያዞር፣ የጨመረው መስሎ የቀነሰ ሊሆን ስለሚችል ሁልጊዜ የሚያነጻጽሩት በእጅ የሚቀረውን ነው።

ወጪዎቹ ተቀንሰው ከዚያ በታች የማይወርዱበትን ዋጋ ወስነው ጽፈው ያስቀምጡ። ይህን ቁጥር ለደላላ፣ ለጎረቤት፣ «እኔ ብቻ ልወቀው» ለሚል ዘመድም አይንገሩ፤ የመጨረሻው ዋጋ በታወቀበት ቤት ላይ ድርድሩ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነውና።

ለድርድር ስንት ይጨመር

ገዢ ሁሉ «መጨረሻው ስንት ነው?» ብሎ ስለሚጠይቅ፣ የሚጠራው ዋጋ ለመውረድ የሚያስችል ትርፍ ሊኖረው ይገባል፤ ምንም ሳይቀነስለት የገዛ ሰው እንደተታለለ ያስባል። በእኔ አመለካከት ከተጣራው የገበያ ዋጋ በላይ ከ4 እስከ 6 በመቶ መጨመር ይበቃል። በምሳሌያችን 5,700,000 ብር መጥራት፣ በልብ 5,300,000ን የመጨረሻ አድርጎ መያዝ ማለት ነው። ብዙ ሻጮች 20 ወይም 30 በመቶ ጨምረው «ያልፈለገ ይተወው፤ የፈለገ ይቀንስ ይበል» ይላሉ። የማያስተውሉት ነገር፣ ከፍ ብሎ የተጠራ ቤት ተደራዳሪ ብቻ ሳይሆን ተመልካችም የሚያጣ መሆኑን ነው፤ ገዢው በ5,500,000 በጀት ሲፈልግ 7,000,000 የተባለውን ለማየት እንኳ አይመጣም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ደላላው ቤትዎን ሌላውን ለመሸጥ ሊጠቀምበት መቻሉ ነው። ገዢውን አስቀድሞ ወደ እርስዎ ቤት አምጥቶ በተጋነነው ዋጋ ካስደነገጠው በኋላ፣ ከጎን ያለውን በልኩ የተጠራ ቤት ያሳየዋል፤ ያም ቤት ርካሽ መስሎ በዚያው ዕለት ቀብድ ይያዝበታል።

ዝቅ አድርጎ መጥራትም የራሱ ስጋት አለው። ከገበያው በብዙ የወረደ ዋጋ ሲሰማ በዚህ ከተማ ገዢ የሚያስበው «ምን ዕድል ነው» ሳይሆን «ወረቀቱ ላይ ምን ችግር አለ?» ነው፤ ዕግድና ክርክር ይጠረጥራል። በችኮላ መሸጥ ግዴታ ከሆነ የችኮላውን ምክንያት፣ ለምሳሌ ወደ ውጭ አገር መሄድን፣ በግልጽ መናገርና የሰነዶቹን ቅጂ አስቀድሞ ማሳየት ጥርጣሬውን ያቃልላል።

አንዱ ቤት በአምስት ደላሎች አማካይነት በአምስት ዋጋ ሲጠራ መስማት የተለመደ ነው። ይህ የሚሆነው ሻጩ «ለእኔ ይህን ያህል ይድረሰኝ፣ ከዚያ በላይ ያገኘኸው ያንተ ነው» ሲል ነው። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም እያንዳንዱ ደላላ የራሱን ጨምሮ ስለሚጠራ ዋጋው ከእጅዎ ይወጣል፤ ገዢውም በየቦታው የተለያየ ቁጥር ሲሰማ ዝቅተኛውን ይዞ ከዚያ በታች መደራደር ይጀምራል። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዋጋ ይንገሩ፣ ኮሚሽኑን በመቶኛ ይስማሙ፣ ከገዢው ጋርም ፊት ለፊት ሳይነጋገሩ ዋጋ አይዝጉ።

ገበያው የሚሰጠውን መልስ ማንበብ

ዋጋው ከተጠራ በኋላ የመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ሳምንታት ብዙ ያስተምራሉ፤ በዚያን ጊዜ ቤት በትጋት የሚፈልጉ ሰዎች ሁሉ ቤትዎን ሰምተውታል። ስልክ ካልተደወለ ዋጋው ከተፎካካሪዎቹ በግልጽ ይበልጣል። ስልኩ ሲበዛ ለማየት የሚመጣው ግን ሲያንስ፣ ደዋዮቹ ዋጋውን ወይም የይዞታውን ዓይነት ሲሰሙ እየተመለሱ ነው። ብዙዎች አይተው ዋጋ ሳያቀርቡ ከሄዱ ችግሩ ብዙ ጊዜ ቤቱ ራሱ ነው፤ ሽታ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ የሚረብሽ መጠጥ ቤት ወይም ያልተነገረ የውኃ እጥረት ሊሆን ይችላል። ሦስት አራት ሰዎች ሳይተዋወቁ ተቀራራቢ ቁጥር ካቀረቡ ደግሞ የገበያው ዋጋ እርሱ ነው፤ ምንም ያህል ቢያሳዝንዎ የራስዎን ግምት ከዚያ ጋር ማስታረቅ ይኖርብዎታል። ለመውረድ ሲወስኑ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መቀነስ ገዢውን እንዲጠብቅ ያስተምረዋል፤ አንድ ጊዜ ግልጽ ሆኖ የሚታይ ቅናሽ አድርጎ መጽናት ይሻላል። ወቅቱንም ማየት ያስፈልጋል፤ በክረምት ዝናብ ጎብኚ ይቀንሳል፣ በሌላ በኩል ሐምሌና ነሐሴ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ለዕረፍት የሚመጡበትና ቤተሰቦች ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ሰፈር የሚለውጡበት ጊዜ ስለሆነ ከሚመጣው ጥቂት ሰው ውስጥ ቁርጠኛው ይበዛል።

ገዢ ሲገኝ ቀብድ ለመቀበል አይቸኩሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ቢያፈርስ እጥፉን የመመለስ ግዴታ ሊመጣበት ይችላል፤ ስለዚህ ቀብድ ከተቀበሉ በኋላ የሚመጣ የተሻለ ዋጋ የተሻለ የሚሆነው ከዚያ ቅጣት ሲበልጥ ብቻ ነው፣ ቃል ማፍረሱ የሚያስከትለው ሐሜት ሳይቆጠር። ሁለት ገዢዎች ተቀራራቢ ዋጋ ካቀረቡ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ በባንክ የሚያስተላልፈውን ይምረጡ፤ ጥቂት ጨምሮ ግማሹን ከስድስት ወር በኋላ እከፍላለሁ የሚለው በዋጋ ንረቱ ምክንያት ከፍሎ ሲጨርስ ያነሰ ከፍሎ ሊገኝ ይችላል።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በገልፍ አገሮች ሆኖ በውክልና የሚሸጥ ሰው እነዚህን ምልክቶች በዓይኑ ስለማያይ፣ ማጣራቱን ከወኪሉ ውጪ ለሆነ ሌላ ሰው ቢሰጥ ይመረጣል። ሕጉ ለማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ መሸጥን በግልጽ የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ስለሚጠይቅ፣ በዚያው ሰነድ ላይ ከዚህ በታች አይሸጥም የሚለውን ዋጋና ገንዘቡ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ ማስፈር ይቻላል። ዋጋው በሰነዱ ላይ ሲሰፍር ግን ገዢው ሰነዱን ማየቱ እንደማይቀር አይዘንጉ፤ ስለዚህ የሚጻፈው ከልብዎ የመጨረሻ ዋጋ ከፍ ያለ ይሁን፣ መውረድ ካስፈለገም ውክልናው በአዲስ ይተካ።

በመጨረሻ የተስማሙበት ዋጋ በውሉ ላይ ሳይሸራረፍ ይጻፍ። ግብርና ቀረጥ ለማሳነስ ግማሹን ብቻ የማስፈር ልማድ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ፣ ክርክር ቢነሣና ውሉ ቢፈርስ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ቁጥር ነው፤ ነገ ሌላ ቤት ሲገዙ የገንዘብዎን ምንጭ የሚያስረዳልዎ ሰነድም ይኸው ውል ይሆናል።